ጥሩ ገንዳ፣ የታመመ ዓሣ፦ በአዳማ ስላለ አንድ የአኳሪየም ሱቅ

በአዳማ መሀል ከተማ የሚገኝ፣ ስሙን ሳልጠቅስ የማልፈው አንድ ሱቅ የመስታወት ገንዳ በትእዛዝ ይሠራል፤ ማጣሪያ፣ የአየር ፓምፕ፣ መብራትና ጠጠር ይሸጣል፤ ጌጠኛ ዓሦችን ከአዲስ አበባ እያስመጣ ያቀርባል፤ ለሚፈልግ ደንበኛም በየወሩ ቤት ድረስ ሰው ልኮ ገንዳውን ያስጸዳል። ለሳሎናችን አኳሪየም ያሠራነው ከዚሁ ሱቅ ስለሆነ አራቱንም አገልግሎቶች አይተናቸዋል። አስተያየቴ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከመስታወት የተሠራውንና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ያለ ስጋት መግዛት ይቻላል፤ ሕይወት ያለውን ግን ሱቁ በሚያቀርብበት አኳኋን መግዛት አይገባም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ አዲስ ጀማሪዎች ዓሣዎቻቸው ተራ በተራ ሲያልቁባቸው «የአዳማ ሙቀት አይስማማቸውም» እያሉ ተስፋ ሲቆርጡ ስለምሰማና፣ እኔ እንዳየሁት ከሆነ ችግሩ የሚመጣው ከአየሩ ሳይሆን ከሽያጩ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው።

በገንዳው ልጀምር። ያዘዝነው ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሆን፣ እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል። ሠራተኛው ልኩን ከመቀበሉ በፊት የት እንደሚቀመጥ ጠየቀን፤ ውኃው ብቻውን ከአንድ ኩንታል በላይ እንደሚመዝን፣ ለቴሌቪዥን የተሠራ ጠረጴዛም እንደማይችለው አስረድቶ የብረት መቆሚያ እንድናሠራ መከረን። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ጠርዞቹ ተሞርደው ለስልሰዋል፤ በማዕዘኖቹ ላይ የፈሰሰው ሲሊኮን ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ጉብታም ሆነ የአየር አረፋ አይገኝበትም። ከሥሩ የሚነጠፍ ስስ ፎም ሳንጠይቅ ጨምረው ሰጥተውናል። ሲሊኮኑ በደንብ ሳይደርቅ አንዲት ጣሳ ውኃ እንኳን እንዳንጨምርበት ደጋግመው ማስጠንቀቃቸውም የሚመሰገን ነው። ዋጋ ዕቃው ላይ አልተለጠፈም፤ እየጠየቁና እየተከራከሩ መግዛት ግድ ስለሆነ ይህ የማይመቸው ሰው ሊኖር ይችላል። እኔን የገረመኝ ግን ለሲሊኮኑ እንዲያ የታገሡ ሰዎች ለውኃው አለመታገሣቸው ነው።

ሱቁ ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ደረሰኝ ይሸጣል። እኛም ገንዳውን በተረከብንበት ዕለት ስምንት ጎልድፊሽ በሁለት ላስቲክ ታስረው አብረው ተሰጡን። ባለሱቁ «ጋሼ፣ ውኃው አንድ ሌሊት ካደረ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ያስገቧቸው» አለኝ። ላስቲኩን ውኃው ላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ አንሳፎ ሙቀቱ እስኪመጣጠን መጠበቅ እንደሚያስፈልግ በትክክል አስረድቶናል፤ ስለ ቀሪው ግን ምንም አልተነፈሰም። ለዓሦቹ የሚሰጠው ዋስትና 3 ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ዓሣ የሞተበት ሰው በላስቲክ ይዞ ከመጣ ይለወጥለታል። ቃላቸውን ያከብራሉ፤ አንዷ በማግሥቱ ሞታ ስንወስድላቸው ያለ አንዳች ክርክር ምትክ ሰጥተውናል። ይሁንና በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚያስፈራው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይደሉም።

ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደውን ቆሻሻ በአብዛኛው በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል በአሞኒያ መልክ ያወጣዋል፤ ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በቆየ ገንዳ ውስጥ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም በመጠኑ እስካለ ድረስ ዓሣውን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም፤ በበቂ መጠን እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ መሀል አሞኒያው ከቀን ወደ ቀን እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ እሱ መቀነስ ሲጀምር ደግሞ ናይትራይቱ በተራው ይነሣና የዓሣውን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም ያሳጣዋል። ስምንት ጎልድፊሽ፣ ያውም ብዙ የሚበሉና ብዙ የሚያቆሽሹ ዓሦች፣ በአንድ ጊዜ ሲገቡበት ነገሩ ይፋጠናል። እንግዲህ የ3 ቀኑ ዋስትና የሚያበቃው ሕመሙ ገና ሳይጀምር ነው ማለት ነው። ባለሱቁ ይህን አስቦበት ነው ብዬ አልወነጅለውም፤ ውጤቱ ግን ሌላ አይደለም።

የአዳማ የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ፣ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ የሚመጣ ነው። «አንድ ሌሊት ይደር» የሚለው ምክር ክሎሪኑን በተመለከተ መሠረት አለው፤ አፉ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያህል የተቀመጠ፣ በተለይም የአየር ፓምፕ የገባበት ውኃ አብዛኛው ክሎሪኑ በንኖ ይወጣለታል። ክዳኑ በተገጠመ ሮቶ ወይም በታሸገ ጄሪካን ውስጥ ያደረ ውኃ ግን እንደዚያ አይሆንለትም፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቀው መልካም ነው። ከዚህ ሌላ፣ የክሎሪን መውጣት ከአሞኒያው ጋር አይገናኝም። እንዲያውም የወንዙ ውኃ በፒኤች፣ ማለትም በአሲድነትና በአልካላይንነት ልኬት፣ ወደ አልካላይን የሚያደላ (ከ7 በላይ የሆነ) መሆኑ ጉዳዩን ያከብደዋል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ካለው አሞኒያ ለዓሣ መርዝ የሚሆነው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ግን ወደ 5 በመቶ ከፍ ይላል። አንድ ዓይነት ቆሻሻ በሁለት ዓይነት ውኃ ውስጥ እኩል አይገድልም። ሱቁ ግን የውኃ መመርመሪያ አይሸጥም፤ ለራሱም የሚጠቀም አይመስለኝም።

በእኛ ቤት ምልክቱ የታየው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነው። ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውኃው ገጽ እያስጠጉ ያለከልኩ ጀመር፤ ስንጥባቸው ቀላ፤ ምግብ ሲበተንላቸው ዞር ብለው አያዩትም። በስልክ ያገኘሁት ምላሽ «ብርድ መቷቸው ነው ጋሼ፣ መድኃኒት አለን» የሚል ነበር። የአሞኒያ መመርመሪያ ጠብታ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥቼ ስለካው፣ ጤነኛ ቢሆን ቢጫ መሆን የነበረበት ውኃ ድፍን አረንጓዴ ሆነ። የረዳቸው መድኃኒት አልነበረም፤ በየቀኑ የገንዳውን አንድ አራተኛ ያህል ውኃ እየቀዳን፣ ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውኃ መተካታችንና ምግቡን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው በሚበሉት ልክ መወሰናችን ነው። ያልተረፉም ነበሩ።

«መድኃኒቱን» ግን ገዝቼ አይቼዋለሁና ስለ እሱ መናገር እችላለሁ። የሚሸጠው በትንሽ የፕላስቲክ መንጠባጠቢያ ጠርሙስ ነው። የአምራች ስም፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር፣ አንዱም አልተጻፈበትም፤ በጎኑ ላይ ቁራጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ፣ በእሱም ላይ በእስክርቢቶ «ለነጭ»፣ ማለትም ለነጭ ነጠብጣብ በሽታ፣ ተብሏል። መጠኑን ስጠይቅ «ውኃው ሰማያዊ እስኪሆን» ተባልኩ። ከቀለሙ ስገምት ሜቲሊን ብሉ ይመስለኛል። ሜቲሊን ብሉ በተለየ ዕቃ ውስጥ፣ በተለካ መጠን ሲሰጥ የሚጠቅምበት ሕመም አለ፤ በዋናው ገንዳ ላይ በግምት ሲጨመር ግን አሞኒያውን ሊለውጡ ገና መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ፣ በአሞኒያ ለታመመ ዓሣ መታዘዙ ሕመሙን ማባባስ ነው። ሲሊኮኑንም እስከ መጨረሻው ሰማያዊ አድርጎ ይተወዋል፤ ያን ያማረ ሲሊኮን ያፈሰሱት ሰዎች ይህን ጠርሙስ መሸጣቸው ለእኔ እንቆቅልሽ ነው።

ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ እርግጥ ነው፤ እኛም ዘንድ ገብቷል። በምትክ የተሰጠችን ዓሣ ይዛው ሳትመጣ አልቀረችም የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ምክንያቱም ነጥቡ አስቀድሞ የታየው በእሷ ክንፍ ላይ ነው። በኋላ ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ብቻ ወደ ሱቁ ስገባ ጥርጣሬዬ በረታ። ዓሦቹ የሚገኙት ከሱቁ በስተኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ገንዳዎቹ በረድፍ ተደራርበው ጎልድፊሹ፣ ጋፒውና ሞሊው በመብራት ደምቀው ይታያሉ። ጠጋ ብዬ ቆሜ ሳይ አንዲት ብርቱካንማ ጎልድፊሽ በየአፍታው ተምዘግዝጋ እየወረደች ጎኗን ከጠጠሩ ጋር ታክክ ነበር፤ ሌላዋ ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አጣብቃ ጥግ ይዛ ቆማለች። በሁለቱም ቆዳ ላይ አንድም ነጥብ አልነበረም፤ መታከክ ግን ብዙ ጊዜ ከነጥቡ አስቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነው። ሻጩ ዓሣ የሚያወጣበት አረንጓዴ መረብ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ውኃ ያንጠባጥባል። ደንበኛ ሲመጣ ያው መረብ ከጎልድፊሹ ወጥቶ ወደ ጋፒው፣ ከጋፒው ወደ ሞሊው ሳይታጠብና ሳይደርቅ ይገባል።

የነጭ ነጠብጣብ መነሻ በዓይን የማትታይ አንዲት ጥገኛ ተሕዋስ ናት። ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብታ እየተመገበች ስታድግ ዓሣው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ከጠገበች በኋላ ቆዳውን ለቅቃ ትወርድና ከጠጠሩ ላይ ተጣብቃ ራሷን በሽፋን ትከልላለች፤ በሽፋኑ ውስጥም ተከፋፍላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ታወጣለች፤ እነሱም ዋኝተው አዲስ ዓሣ ካላገኙ ሁለት ቀን ገደማ ብቻ ኖረው ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው በዚህ በሚዋኙበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቆዳ ሥር ያለችውንም ሆነ በሽፋን ውስጥ ያለችውን አይነካም። ጀማሪዎችን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ነጥቡ በራሱ ጊዜ ከዓሣው ላይ ሲጠፋ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላቸውና ያቆማሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በእጥፍ ይመለሳል። በ25 ዲግሪ አካባቢ ይህ ዑደት ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ በቀዘቀዘ ውኃ ግን በጣም ይረዝማል። ስለዚህ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲበርድ ሕክምናውም አብሮ መርዘም አለበት።

እኛ የተጠቀምነው ጨው ነው። በአንድ ሊትር እስከ 3 ግራም፣ ማለትም ለ100 ሊትር 300 ግራም ያህል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ቀን ተከፋፍሎና አስቀድሞ በውኃ ተሟሙቶ ሲገባ ጎልድፊሽ ይችለዋል፤ ተፈጥሯዊ ተክል ያለበት ገንዳ ግን ተክሉ ሊጠወልግ ይችላል። ዑደቱ እንዲፋጠን ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 28 ዲግሪ አሳደግነው፤ የጠጠሩን ሥር በየሁለት ቀኑ በቱቦ እየሳብን አጸዳን፤ የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም ለተጨማሪ አንድ ሳምንት ቀጠልን። እዚህ ላይ ሱቁን ላመስግን፤ ማሞቂያውን የሸጠልን እሱ ነው፤ የተቆጣጣሪው ቁጥርና የቴርሞሜትሩ ንባብ ከአንድ ዲግሪ የበለጠ ሳይለያዩ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ጭራው ለተበላ ዓሣ ደግሞ ሻጩ ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ውኃው ላይ መበተንን ይመክራል። ይህን ምክር አትቀበሉ። የጭራ መበላት አብዛኛውን ጊዜ በተበላሸ ውኃ ምክንያት በተዳከመ ዓሣ ላይ የሚመጣ ስለሆነ ውኃው ሳይስተካከል አይድንም፤ ቴትራሳይክሊንም በካልሲየምና በማግኒዚየም በበለጸገ ውኃ ውስጥ ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ስለሚጣበቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። ካፕሱሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡ ሌላ ጣጣ ነው።

ወርኃዊው የጽዳት አገልግሎት በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጥ ነበር። የሚላከው ወጣት ትሑትና ሰዓት አክባሪ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ጠብታ አያፈስም፤ መስታወቱን እንደ አዲስ አድርጎት ይሄዳል። ነገር ግን የማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቶ ከቧንቧ ሥር እስኪነጣ ያጥበው፣ ጠጠሩንም ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ያለቀልቀው ነበር፤ በክሎሪኑ ውኃ የታጠበ ስፖንጅ ሳምንታት የፈጀውን የባክቴሪያ ሥራ ከቧንቧው ጋር ያፈስሰዋል። ከእያንዳንዱ ጽዳት በኋላ ውኃው ለጥቂት ቀናት የሚደፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ስፖንጁን ከገንዳው ራሱ በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ እንዲመልሰው ስነግረው ያለ ቅሬታ ተቀበለኝ፤ አሁን የሚሠራው እንደዚያ ስለሆነ አገልግሎቱን አልተውነውም። ለሌሎች ደንበኞችም እንዲሁ ያደርግ እንደሆነ ግን ጠይቁት።

ከሱቁ ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው በባትሪ ለሚሠራው የአየር ፓምፕ ነው። መብራት ሲጠፋ ራሱ ይነሣል፣ ሲመጣ ራሱ ይቆማል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በስድስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። መብራት ለሰዓታት በጠፋ ጊዜ የሚታፈኑት ዓሦቹ ብቻ አይደሉም፤ በቆመ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ፈላጊ ናቸው። ሱቁ ይህን ፓምፕ በመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ከአሻንጉሊት ቤተ መንግሥቱና ከፕላስቲክ ተክሉ ኋላ አስቀምጦታል፤ ከመብራቱ በፊት እሱን ግዙ።

ገንዳውን ሸጦ ዓሣውን ቢያንስ ከአንድ ወር በኋላ ቢሰጥ እንደሚሻል ለባለሱቁ ነግሬዋለሁ። «ሰው ባዶ ገንዳ አይወድም ጋሼ፤ እኔ ካልሸጥኩለት ከሌላ ይገዛል» አለኝ፤ ልጆች ባሉበት ቤት እውነቱን ነው። ቢሆንም ቀብድ ተቀብሎ ዓሣውን በኋላ ለመስጠት ፈቃደኛ ነው፤ ለእህቴ ቤት እንዲያ አድርጎልናል። እሷ ገንዳውን ሞልታ፣ ማጣሪያውን አስነሥታ፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየበተነች ባክቴሪያዎቹን አራባች፤ ዓሦቹን የወሰደችው መመርመሪያው አሞኒያም ናይትራይትም የለም ካለ በኋላ ነው። በቀብድ የምትገዙ ከሆነ የዋስትናው 3 ቀን ዓሣውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር በደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ቀብዱም ዛሬ ለተመረጠ ዓሣ ሳይሆን ለዋጋው ይሁን፤ የምትወስዱትን በምትወስዱበት ቀን ከገንዳው ፊት ቆማችሁ ምረጡ፤ ከጠጠር ጋር የሚታከክ ካያችሁም ከዚያ ገንዳ አንድም አትውሰዱ።